ከአስር ዘጠኝ ያገኘሁበት ስድብ

ስልክ ሲዘጋ ስድቡም አብሮ ይዘጋል የሚባለው ውሸት ነው። ይህን ምክር ከመምህራን ሰምቻለሁ፣ ከሰባኪዎች ሰምቻለሁ፣ ሬዲዮ ላይ ከሚቀርቡ አዋቂዎች ሰምቻለሁ፤ እኔም ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ። ምክሩ የሚጥመው ለመካሪው ነው፤ ምንም አይጎድልበትም። ልጅቷ ስልኳን ዘግታ ትራስ ሥር ብታስቀምጠው ስድቡ በሌላ ሰው እጅ ላይ በርቶ ያድራል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ጠዋት መጥቶ እሷ የተቀመጠችበት ዴስክ ላይ ይቀመጣል።

ሌላም ውሸት አለ። ተሳዳቢዎቹ ፊት የላቸውም ይባላል። የት አገር ነው ይህ? ወላይታ ሶዶ ውስጥ ፊት የሌለው ሰው የለም። ወደ ሻንቶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ስንቀመጥ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ አያቱ ምን ይሠሩ እንደነበር ሳይቀር እንተዋወቃለን። ችግሩም ይኸው መተዋወቃችን ነው።

በግቢያችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ቤት ሁለት ተማሪዎች ይኖራሉ፤ ሁለቱም ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ስማቸውን ስለማልጽፍ በመጡበት አገር ልጥራቸው። የገሱባዋ ከገሱባ ከተማ አልፎ፣ መንገዱ አጥንት ከሚለያይበት ቀበሌ የመጣች ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሒሳብ ላይ ግን ምሕረት የሌላት። የበዴሳዋ የከብት ነጋዴ ልጅ ናት፤ ወፍራም፣ ነገረኛ፣ ሳቋ አጥር የሚሻገር። ባለፈው ነሐሴ ሁለቱም ከአሥራ አንደኛ ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተዛውረው ምዝገባው እስኪያልቅ የሚቆይ የክረምት ቱቶሪያል ይማሩ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ የሚዘጋው መስከረም ላይ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሊገባ ሲል ባለው ዓርብ ነው ተብሎ ተለጥፎ ነበር።

የገሱባዋ እናት ሸክላ ሠሪ ናት። ሌላ አገር የሚኖር አንባቢ ይህን እንደ ሙያ ስም ያነበዋል። እኛ ዘንድ ግን የዘር ስም ነው። ሸክላ የሚሠሩ ቤተሰቦች በወላይትኛ የሚጠሩበት አንድ ቃል አለ፤ እዚህ አልጽፈውም። አንድ ጊዜ ጽፌው ምን እንዳመጣ ወደ ታች ታነባላችሁ። በአባቶቻችን ዘመን በዚያ ቃል የሚጠራ ሰው ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም ነበር፤ ደጅ ላይ በተለየ ዕቃ ተሰጥቶት ይሸኛል። የሚሰጠው ወጥ እሱ በሠራው ድስት የበሰለ መሆኑ ማንንም አሳስቦ አያውቅም። ዛሬ ይህ ቀርቷል እንላለን። በጉባኤ ሁላችንም ወንድምና እህት ነን፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ብቻ ቅድመ አያት መቁጠር እንጀምራለን።

ልጅቷ ያንን ቃል አልፈራችም፣ ወይም የረሳነው መስሏት ነበር። ሐምሌ ላይ አገሯ ስትገባ እናቷ ትልቅ ድስት ስትሠራ በስልኳ ቀረጸቻት። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። እናትየው ጭቃውን በሁለት እጇ እያሳደገች በርከክ ብላ ትዞረዋለች፤ ጉንጯ ላይ ጭቃ አለ፣ ከንፈሯን ገጥማለች። ልጅቷ ከካሜራው ጀርባ ሆና «የኔ እናት እንዲህ ናት» ትላለች። ለቀቀችው። ለሦስት ቀን ሰው ሁሉ እጇን ይባርክ፣ ዕድሜ ይስጣት ሲል ሰነበተ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ስለ ሳህን ነበር።

«ሳህን ለይታለች» አለችኝ ባለቤቴ አንድ ቀን ምሳ ላይ።

«ማን?»

«የገሱባዋ። ፎሰሴ ጨልፌ ስጠራት የራሷን ሳህን ይዛ መጣች። በእኛ አልቀበልም አለች። ኩባያም ለይታለች።»

«ታዲያ ንጽሕና ትወድ ይሆናላ።»

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ይሄን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ሳህን ማንበብ አቃተህ?»

ከሰዓት በኋላ የበዴሳዋን ጠርቼ ጠየቅኳት። ከሌላ ጊዜ ይልቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቢያዩት ይሻላል ጋሼ» አለችና ስልክ ዘረጋችልኝ። የቱቶሪያሉ ግሩፕ ነው። የገሱባዋ «ስድስተኛው ጥያቄ ስንት መጣላችሁ?» ብላ ጽፋለች። ከሥሯ መልስ የለም። ፊት ነው ያለው። የእናቷ ፊት፣ ጉንጯ ላይ ጭቃው እንዳለ፣ ከቪዲዮው ተቆርጦ ስቲከር ተደርጓል። አንዱ ልኮታል፣ ሌላው ልኮታል፣ ሌላውም። ወደ ላይ ሳልፍ ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ያው ፊት ይሰለፋል። መሀል መሀሉን ጽሑፍ አለ፤ «ጭቃው ደርቋል ወይ?» ዓይነት።

«ለምን ከግሩፑ አትወጣም?»

«ወርክሺቱ የሚመጣው እዚያ'ኮ ነው። የፕሮግራም ለውጡም፣ የምዝገባው ማስታወቂያም። ከዚያ ከወጣች ከትምህርት ቤት ወጣች ማለት ነው።»

«ለመምህሩ ንገሩ።»

«መምህሩ ግሩፑን ድምፅ አጥፍተውበታል። ፋይል ጥለው ይሄዳሉ።»

«እንግዲያው ስልኩን ዝጉትና ለጥቂት ቀን…»

«እሺ ጋሼ» አለችኝ። ልጆች ለማይጠቅም አዋቂ የሚሉት «እሺ» ነበር፤ እኔም በልጅነቴ ብዙ ብዬዋለሁ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን የጻፍኩትን የሚያነቡ ሰዎች ያሉበት ገጽ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው ዝም ማለት እንደ ሥራ መፍታት ይቆጠርበታል። በዚያው ዕለት ተቀምጬ ጻፍኩ። የምትሰድቡት እጅ የሠራውን ድስት ከቤታችሁ አውጡና ከዚያ ተሳደቡ አልኩ። አያቶቻችሁ የበሉት በምንድነው አልኩ። መጨረሻው ላይ ያንን ቃል ከነሙሉ ፊደሉ አስቀመጥኩት፤ «አዎ፣ እንዲያ ናት፤ እናንተም በእጇ ያደጋችሁ ናችሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር። የተናቀ ቃል በኩራት ሲነሳ መርዙ ይረግፋል የሚል ነገር አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ባለቤቱ ሲያነሳው ይሆናል። እኔ የቃሉ ባለቤት አልነበርኩም።

ስሟንም አልጠቀስኩም፤ ይህንን እንደ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር። «በግቢዬ የምትኖር ተማሪ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ሶዶ ውስጥ ይህ መታወቂያ ካርድ ነው።

ጽሑፉ በጣም ተወደደ። «ብዕርህ ይባረክ» አሉኝ። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት አስተያየቶቹን ማንበብ ልማድ አደረግኩት። ያላወቅኩት ነገር ቢኖር፣ ከእኔ ጽሑፍ በፊት ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ ስለ ልጅቷ ዘር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚስቁት በጭቃው ነበር፤ ጭቃ የነካው ሰው ሁልጊዜም ያስቃል። ቃሉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በማግስቱ ስክሪንሾቱ ግሩፑ ውስጥ ገባ፤ ከላዩ «ጋሽ ራሳቸው መሰከሩ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰኞ ዕለት አብራት አንድ ዴስክ የምትቀመጠው ልጅ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ኋላ ተዛወረች። ምክንያት አልተናገረችም።

እኔ ግን ከልጅቷ ምስጋና ነው ያገኘሁት። ቧንቧው ጋ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት።

«‹ጽፈውልሻል› አለችኝ ጓደኛዬ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«አነበብሽው?»

«አላነበብኩም። የምታነበው እሷ ናት።»

አልገባኝም፤ ትሕትና መሰለኝ። ከአጠገቧ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መጻሕፍትና ብርድ ልብስ ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል።

«ለጊፋታ ነው ጓዙ?»

«ለጊፋታ። እናቴ ዓርብ ገበያ ትመጣለች፤ አብሬያት እገባለሁ።»

«ዓርብ'ኮ ምዝገባው ይዘጋል።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ልብሱን ጨመቀች፣ እንደገና ጨመቀች፤ ውሃ አልቀረበትም ነበር።

ምዝገባው ካለፈ ዓመቱ ያልፋል። ዓመቱ ካለፈ ደግሞ ከእሷ ቀበሌ የሚመለስ ሴት ልጅ ብዙ የለም፤ ወይ ታገባለች፣ ወይ ጭቃው ጋ ትቀመጣለች። ጭቃው ጋ መቀመጥ ነውር የለበትም። ተሰድቦ መቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አራት ቀን ነበረን።

ሽማግሌ የመሰብሰቡ ሐሳብም የኔ ነው፤ ልክድ አልችልም። ጊፋታ ሳይገባ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ዓመት የሚሻገር ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። ይህ ከልማዶቻችን ሁሉ በጣም የምወደው ነው። በመጽሐፍ የማምን ሰው ብሆንም በዚህም አምናለሁ። ስቲከሩን የሠራው ልጅ ከሁለት ቤት ወዲያ የሚኖር የክፍል ጓደኛቸው መሆኑን የበዴሳዋ አውቃለች። አባቱን አነጋገርኩ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሦስት ሽማግሌዎች ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ እኔ ባወጣሁት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጁ ከአባቱ ኋላ ቆሟል። ልጅቷ ከባለቤቴ አጠገብ ተቀምጣለች። የበዴሳዋን ግን፣ ነገር ታበላሻለች ብዬ፣ ቤት ውስጥ እንድትቆይ አዝዣታለሁ።

የእኛ ሽምግልና አንድ ሕግ አለው። በደል በጥቅሉ አይታረቅም። «ሰደበኝ» ማለት አይበቃም፤ ምን ብሎ ሰደበሽ ይባላል። ቃሉ ከተበዳዩ አፍ ወጥቶ ሰው ሁሉ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ተሸሽጎ የቀረ ቃል ቂም ሆኖ ይበቅላል ብለው ያምናሉ። ሁለት ገበሬዎች በድንበር ሲጣሉ ይህ ሕግ ጥሩ ነው፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ከነአፉ አጣሞ ሲደግምለት ግማሹ ጠብ እዚያው በሳቅ ያልቃል። አይቻለሁ።

«በይ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ በወላይትኛ። «ምን አለሽ?»

«ስልክ ላይ ነው አባባ።»

«ስልክ ላይ ከሆነ ከስልኩ አንብቢው። ሁሉንም። የሚቀር እንዳይኖር።»

ያን ጊዜ «አይሆንም» ማለት እችል ነበር። የግቢው ባለቤት እኔ ነኝ። ዓይኔን ወደ እሷ ሳዞር ከበዴሳዋ የተቀበለችውን ስልክ በሁለት እጇ ይዛ እያየችው ነበር፤ ሰው ለረጅም ጊዜ ያልገባበትን ቤት በር ይዞ እንደሚቆመው። ከዚያ ጀመረች። ክፍል ውስጥ ተነስተሽ አንብቢ የተባለች ተማሪ በምታነብበት ድምፅ ነው ያነበበችው።

«‹ጭቃው ደርቋል ወይ?› ይላል።»

«ቀጥዪ።»

«‹ከአጠገቧ የምትቀመጪ፣ እጅሽን ታጠቢ።›»

«ቀጥዪ።»

«‹ማትሪክን በእሳት ተኩሳ ታልፈዋለች።›» አንደኛው ሽማግሌ ሳል መሰል ነገር አሰማ፤ ሳቅ ነበር። «ቀጥሎ ያለው የእናቴ ፊት ነው።»

«ምንድነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

«የእናቴ ፊት ነው አባባ።»

«ቀጥዪ።»

«የእናቴ ፊት።» አውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋው። «የእናቴ ፊት። ይሄም የእናቴ ፊት ነው። የእናቴ ፊት።»

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነስታ ስታየኝ አስታውሳለሁ። «ይበቃል በል» የሚል ዓይን ነው። እኔ ሥርዓቱ ይፈጸም ብዬ ዝም አልኩ። ልጅቷ ቀጥላ ከቀደሙት ረዘም ያለ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች፤ ከሁለተኛው መስመር ድምፁን አወቅኩት። ስክሪንሾቱ ነው። የእኔ ዓረፍተ ነገሮች፣ በእሷ ድምፅ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አያቶቻችሁ የበሉት በምንድነው፣ ድስቱን ከቤታችሁ አውጡ። እስከ መጨረሻው ሄደች። መጨረሻው ላይ ያ ቃል ጋ ስትደርስ ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ አነበበችው። ስለ ራሷ፣ ሦስት ሽማግሌ ፊት፣ ጮክ ብላ።

«ይሄኛው አንደበተ ርቱዕ ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «የማን ልጅ ነው?»

«የጋሼ ነው» አለች።

ተሳዳቢው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ፌዝ ያለበት አስተያየት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ አልነበረበትም። ጓደኛ አግኝቶ እንደተገረመ ሰው ነው ያየኝ።

የቀረው እንደ ደንቡ ሄደ። ልጁ እርጥብ ሣር ይዞ ቀረበ፤ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ» አለ። ስቲከሩን ከስልኩ ላይ ሰው እያየው አጠፋው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ጊፋታ ንጹሕ ሆኖ ይግባ ተባለ። የልጁ አባት መጥቶ አቀፈኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን።

ፀሐይ ሳትገባ ስቲከሩ ግሩፑ ውስጥ ተመልሶ መጣ። የላከው ከሻንቶ እየተመላለሰ የሚማር፣ ጠቡን የማያውቅ፣ እርቁንም ያልሰማ ሌላ ልጅ ነው። ሽምግልናችን የሚነሳው ስድብ ባለቤት አለው ብሎ ነው፤ ባለቤቱ ሲመለስ ስድቡም ይመለሳል። ይህኛው ግን በክፍሉ ልጅ ሁሉ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከማን ጋር እንታረቅ?

ሐሙስ ዕለት ወደ ሰርቪስ ቤቷ ሄድኩ፤ ምን እንደምል ሳላውቅ። በሩ ላይ ስደርስ ሳቅ ሰማሁ። የበዴሳዋ ወንበር ላይ ቆማ የመምህር ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ የገሱባዋ አልጋ ላይ ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። ቀይ እስክሪብቶ አለ።

«ይግቡ ጋሼ፣ እርማት ላይ ነን» አለች የበዴሳዋ።

«የምን እርማት?»

«የስድብ ነዋ። የእሷን እኔ ነኝ የምቀበለው፣ የእኔን እሷ። ስልክ ተቀያይረናል። ወርክሺት ሲመጣ ደብተሯ ላይ ገልብጬ እሰጣታለሁ፤ ጥያቄ ካላት እኔ እጠይቅላታለሁ። ስድቡን ደግሞ ማርክ እንሰጠዋለን። ማርክ የምንሰጠው ጽሑፉ ላይ ብቻ ነው፤ ፊቱን አላሳያትም። ይሄ ‹ጭቃው ደርቋል ወይ› የሚለው ከአስር ሁለት ነው፤ ተደጋግሟል። ‹እጅሽን ታጠቢ› አራት። ማትሪኩን ለተናገረው ስድስት ሰጥተነዋል፤ ቢያንስ አስቦበታል።»

«አንቺንም ይሰድቡሻል?»

«ኧረ ጋሼ! እኔ'ኮ ለጊፋታ የምቀለብ ሰንጋ ነኝ። አልሰሙም እንዴ? ስንት ቤተሰብ ተከፋፍሎ ይበላኛል።» ሳቀች። የገሱባዋ አልሳቀችም፤ ደብተሩ ላይ አቀርቅራ የሆነ ነገር ደጋግማ ሰረዘች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታደርጉት?»

«ሁለት ሳምንት ሞላን። የሰው ስድብ ቀላል ነው ጋሼ፤ የራስ ሲሆን ነው የሚወጋው። ወዳጅ ሰው ዋናውን ቆርጦ ጥሎ ትንሽ ትንሹን ካነበበልሽ ይቻላል።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «የምታነበው እሷ ናት» ያለችኝ ትሕትና አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱንም ስድብ በዓይኗ አላየችውም ነበር። የእኔንም ጽሑፍ ጓደኛዋ «ጋሼ ጥሩ አድርገው ጽፈውልሻል» ብላ፣ ያንን ቃል ዋጥ አድርጋ ነው የነገረቻት። ሁለት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ማንንም ሳያማክሩ አጥር ሠርተው ነበር። ሁሉንም ስድብ፣ ሁሉንም ፊት፣ የእኔንም ቃል በአንድ ከሰዓት በኋላ ያነበበችው እኔ ባወጣሁት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ አጥር ጠባቂዋን እኔ ራሴ ቤት ውስጥ ዘግቼባት ነው።

ማለት የነበረብኝን ትቼ የማይረባ ነገር ጠየቅኩ። «ትልቁ ማርክ ስንት ነው?»

የበዴሳዋ ደብተሩን በእጇ ሸፈነችው።

«ንገሪያቸው» አለች የገሱባዋ።

«ይቅርታ ጋሼ። ዘጠኝ።»

የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። «ለምን አስር አልሞላም?» አልኩ፤ ቀልድ መሆኑ ነው።

«አስር የእግዚአብሔር ነው ይላሉ የፊዚክስ መምህራችን» አለች የበዴሳዋ።

የገሱባዋ ግን ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየችኝ። «እስካሁን አለ'ኮ ጋሼ» አለች። «ገጽዎ ላይ። ረቡዕ ነው ያነበብኩት፤ ዛሬም አለ።»

ነበር። ከረቡዕ በኋላ ማጥፋት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ሐሙስ ጠዋትም ከቁርስ በፊት ከፍቼ አስተያየቶቹን አንብቤያለሁ። ያላጠፋሁት ለሌላ ምክንያት አይደለም፤ ጽሑፉ ጥሩ ስለነበረ ነው። ስልኬን አወጣሁ። «ይጥፋ?» ብሎ ይጠይቃል መሣሪያው። ጣቴ አንድ ትንፋሽ ያህል እዚያ ቆመ። ሁለቱም የቆመውን ጣቴን ያዩ ነበር። ተጫንኩት። የገሱባዋ ከረጢት ግን ከነጓዙ አልጋው ሥር እንደታሰረ ነበር።

ዓርብ ጠዋት እናትየው መጣች። ለጊፋታ ብዙ ሰው አዲስ ድስት ስለሚገዛ ሸክላዎቿን በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከገሱባ በአይሱዙ ጭና ነው የመጣችው፤ ገበያው ላይ ለዘመድ አስጠብቃ ልጇን ልትወስድ ጎራ አለች። ባለቤቴ የተቀቀለ ቦይና፣ እናንተ ጎደሬ የምትሉትን፣ ከዳታ በርበሬ ጋር በአንድ ትልቅ ሳህን አቀረበችና እሷው ራሷ መጀመሪያ እጇን ሰደደች። እናትየው በላች። ልጅቷ አልቀረበችም።

«ምዝገባሽ ዛሬ አይደለም እንዴ?» አለቻት እናቷ።

የመለሰችው የበዴሳዋ ናት፤ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ በወላይትኛ አንድ በአንድ ዘረገፈችው፤ ቪዲዮውን፣ ግሩፑን፣ ስቲከሩን። የእኔን ጽሑፍ ዘለለችው። እስከ ዛሬ ባለውለታዬ ናት።

«ፊቴን?» አለች እናትየው። «እስቲ አሳዪኝ።»

«አይሆንም» አለች ልጅቷ።

«የኔ ፊት አይደለም? አምጪው።»

ስልኩን ተቀብላ አራቀችው፣ አቀረበችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ፊደል አታውቅም፤ ከሥሩ የተጻፈውን ማንም አላነበበላትም። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ትረግማለች ብዬ።

«ድስቱንስ የት ጣሉት?» አለች።

«ምን?»

«ይሄ'ኮ ያን ትልቁን ስሠራ ነው። አፉን ሳወጣለት ነው ከንፈሬን እንዲህ የገጠምኩት፤ ከተነፈስኩ ይጣመማል። ፊቴን ወስደው ድስቱን ትተውታል።» ስልኩን ለልጇ መለሰችላት። «ሞኞች ናቸው። ከእሳት ስንጥቅ ሳይነካው ነው የወጣው፤ ዛሬ ይዤው መጥቻለሁ። ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች የበዴሳዋ።

«ታዲያ ምን ያስቀምጣታል?»

ልጅቷ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። ሁለቱ ተያይዘው ሲወጡ የአንዷ ስልክ በሌላዋ እጅ ነበር። እናትየው ወደ ገበያዋ አልተመለሰችም፤ ቦይናውን ገፋ አድርጋ በሩ ላይ ዓይኗን ተክላ ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። የምናገረው ነገር አልነበረኝም፤ ይህ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አልደረሰብኝም። ዘጠኝ ሊሞላ ሲል የበዴሳዋ ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለቱም ገቡ። የገሱባዋ ከእናቷ አጠገብ ቁጭ አለችና «ተመዘገብኩ» አለች። ከትልቁ ሳህን ላይ አንድ የቀዘቀዘ ቦይና አነሳች፤ ልጣጩን እያየች ቆየች። በላችው።

ነገሩ በዚህ አልቆ ቢሆን ጥሩ ታሪክ ይወጣው ነበር። አላለቀም። አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከበዴሳዋ ጋር አንድ ዴስክ ትጋራለች፣ ስልካቸው እስከ ዛሬ እንደተቀያየረ ነው። የራሷን ሳህን አንዳንድ ቀን ይዛ ትመጣለች፣ አንዳንድ ቀን አትይዝም። ስቲከሩ ባለፈው ሳምንትም ወጥቷል፤ በሌላ ትምህርት ቤት ግሩፕ ውስጥ፣ እናትየዋን በማያውቁ ልጆች፣ ስለ ሌላ ጉዳይ። የእኔ ጽሑፍ ስክሪንሾትም ያንኑ ቃል እንደያዘ ይዞራል፤ እኔ ያጠፋሁት የራሴን ቅጂ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነበው ሰውዬ፣ የምታነቢው ሴትዮ፤ ለልጆች ምክር አትስጡ፣ ስልካቸውንም አትንጠቁ። የራሳችሁን ስልክ አውጡ። ጉንጯ ላይ ጭቃ ያለባት፣ ከንፈሯን የገጠመች ሴት ፊት ስቲከሮቻችሁ ውስጥ ካለ፣ የኔም ጽሑፍ ስክሪንሾት ካለ፣ ሁለቱንም አጥፏቸው። ነገ አይደለም፣ አሁን።